በሞተር ሳይክል ወደ ሳነቴ

ዛሬ ወደ ባሌ ተራሮች ይዘናችሁ እንሄዳለን። የምንሄደው በእግር አይደለም። በበቅሎም አይደለም። በሞተር ሳይክል ነው።

እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። የምንኖረው በሻሸመኔ ከተማ ነው። አንዱ የሞተር መካኒክ ነው። ሁለተኛው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ልብስ ሰፊ ነው። አራተኛው መምህር ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡን ጋሼ እንላቸዋለን።

ጋሼ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ። በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር» ብለው ይጽፋሉ። ቱሉ ዲምቱ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ስሙ ኦሮምኛ ነው፤ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። አንድ ቀን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አይተውታል?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ «አላየሁትም» አሉ። ያ ጥያቄ ከልባቸው አልወጣም። ለእኛም ነገሩን። እኛም «እንግዲያው እንሂዳ!» አልን።

ሞተር ሳይክላችን ሦስት ነበር። ጋሼ የራሳቸው ስለሌላቸው ከልብስ ሰፊው ኋላ ተፈናጠጡ።

ጉዞው ሲጀመር

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ድንች፣ ምስር፣ ዳቦ፣ ውኃና አንድ ጃሪካን ቤንዚን ያዝን። መካኒኩ ደግሞ መፍቻውን፣ ትርፍ ካንዴላና የጎማ መለጠፊያ ይዟል።

ሻሸመኔ ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ያህል ነው። ሜትር ስንል ምን ማለታችን ነው? ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ ላይ የሚለካ ቁመት ነው። ከፍታው ሲጨምር ብርዱም ይጨምራል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቆላና ደጋ የሚለያዩት በዚህ ነው።

በኮፈሌ በኩል አድርገን ወደ ዶዶላ፣ ከዚያም ወደ አዳባ ሄድን። አገሩ የስንዴና የገብስ አገር ነው። አጨዳው አልቆ የገለባው ክምር በየሜዳው ቆሟል። ከአዳባ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ዳገት ጨርሰን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዲንሾ ገባን። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት በዲንሾ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የመግቢያውን ክፍያ ከፍለን ጥቂት ዞር ዞር አልን። የደጋ አጋዘን ከቁጥቋጦው መካከል ቆሞ አየን። ቀንዱ ጥምዝ ነው። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም።

ማታ እራት ቀረበ። ጋሼ ሁለት ጉርሻ በልተው ተዉት። «ምነው ጋሼ?» ብንላቸው፣ «መንገዱ አድክሞኝ ነው» አሉ። እኛም አመንናቸው። ተኛን።

ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል

በማግስቱ በሮቤ በኩል ጎባ ደረስን። ጎባ የተራራው በር ናት ማለት ይቻላል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ ሳነቴ በተባለው ሜዳ ላይ ያልፋል። የሳነቴ ሜዳ ወደ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በአፍሪካ መኪና ከሚሄድባቸው መንገዶች ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው። እኛ ስንሄድበት ጠጠር ነበር።

መጀመሪያ ጽድና ኮሶ አለፍን። የኮሶው ዛፍ ግንዱ በሽበት ተሸፍኗል። ወደ ላይ ስንወጣ ዛፉ እያጠረ ሄደ። ከዚያ አስታ ብቻ ሆነ። በመጨረሻም አስታው ጠፋ።

ሞተሮቹ እዚያ ዳገት ላይ ደከሙ። የልብስ ሰፊው ሞተር ሁለት ሰው ስለጫነ ከሁሉ ባሰበት። ጥቁር ጭስ እያወጣ ቆመ። ልብስ ሰፊው «ኧረ ተበላሸብኝ!» አለ።

መካኒኩ ሳቀ። «አልተበላሸም። ትንፋሽ አጥሮት ነው» አለ። እንዲህም ሲል አስረዳን። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ነው። የሚቀላቅለው ክፍል ካርቡራተር ይባላል። ካርቡራተሩ የተስተካከለው ለቆላና ለወይና ደጋ አየር ነው። ተራራ ላይ አየሩ ይሳሳል። ቤንዚኑ ግን እንደ ድሮው ይወርዳል። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፤ አየሩ ያንሳል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጥቁር ጭስ ይሆናል። በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። መካኒኩ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፤ ካንዴላውን ጠረገ፤ ቤንዚኑንም ቀነሰ። ሞተሩ ተነሣ።

ሁለት ሰው ግን መጫን አልቻለም። ጋሼ «ግድ የለም፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» ብለው ወረዱ። ዳገቱን በእግራቸው ወጡት። በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ይተነፍሱ ነበር። እኛ እላይ ሆነን ጠበቅናቸው። ሲደርሱ ከንፈራቸው ጠቁሯል። «አይዞዎት ጋሼ» አልናቸው። እሳቸውም «ምንም አልሆንኩም» አሉ።

ስለ ሞተሩ ሳንባ ይህን ያህል ተነጋግረን፣ ስለ ሰው ሳንባ አንድም ቃል አልተናገርንም።

በሳነቴ ያደርንበት ሌሊት

ሳነቴ ሰፊ ሜዳ ነው። ዛፍ የሚባል የለበትም። እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሟል። ከሩቅ ሲያዩት ካባ የለበሰ ሰው ይመስላል። በየጎድጓዳው ትንንሽ ሐይቆች አሉ። መሬቱ በጉድጓድ ተበሳስቷል። የቆፈረው ፍልፈል ነው። የባሌው ፍልፈል ትልቅ ነው፤ ከባሌ ውጪም አይገኝም።

ወደ ማታ አንድ ቀይ ቀበሮ አየን። ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ፣ እርምጃ በእርምጃ ወደ ጉድጓዱ ቀረበ። ከዚያ ዘለለ። ፍልፈሉን ይዞ ሄደ። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ግን ለየብቻው ነው። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ሁሉ ተቆጥሮ 500 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ሁሉም በኢትዮጵያ ነው ያሉት፤ ከግማሽ በላዩም በባሌ።

ድንኳን ተክለን እሳት አነደድን። ድስቱ ፈላ። ምስሩ ግን አልበስል አለ። ምክንያቱን ጋሼ ነገሩን፤ ድምፃቸው ቀሰስ ብሎ ነበር። ከፍ ባለ ቦታ ውኃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በሳነቴ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይፈላል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል። ስለዚህ እህል ቶሎ አይበስልም። ምስሩን ጥሬውን ቀረሽ በላነው። ጋሼ አልቀመሱም።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። በጃሪካኑ ያለው ውኃ ላዩ በረዶ ሠራ። ጋሼ ሲገላበጡ ሰማን። ማናችንም ተነሥተን «ምን ሆኑ?» አላልንም።

ሲነጋ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቱሉ ዲምቱ ፊት ለፊታችን ቆሟል። እስከ ጫፉ የሚወጣው መንገድ ይታያል። ደስ አለን። ሞተር ማስነሣት ጀመርን። በዚህ መካከል ጋሼ ከድንኳኑ ወጥተው አስመለሱ። የጫማቸውን ክር ለማሰር ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። ቀና ብለው ሲራመዱ ወደ ጎን ተንገዳገዱ።

«ጋሼ፣ አሞዎታል። እንውረድ» አለ የእንስሳት ጤና ባለሙያው።

«ምን አልሆንኩም፤ ትንሽ ብርድ ነው። ይኸው እኮ ደረስን! ጫፉን አይተን ወዲያው እንወርዳለን» አሉ ጋሼ።

እውነቱን እንናገር። እኛም ጫፉን ማየት ፈልገን ነበር። ስለዚህ ዝም አልን። መካኒኩ «አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው» አለ።

የሽማግሌው ምክር

በዚያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ በፈረስ መጡ። ሁለት ውሾች ይከተሏቸዋል። በዚያ አገር በየወቅቱ ከብትን ወደ ግጦሽ ይዞ መውጣት ልማድ ነው፤ በኦሮምኛ ጎዳንቱ ይሉታል። ሽማግሌውም ከብቶቻቸውን ይዘው ነበር የወጡት። ሰላምታ ሰጡን። ከእኛ ኦሮምኛ አጣርቶ የሚናገረው መካኒኩ ስለሆነ እሱ ያስተረጉም ጀመር።

ሽማግሌው ጋሼን ትኩር ብለው አዩአቸው። «ይህ ሰው ጠጥቷል?» አሉ።

«አልጠጡም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው የያዘው ተራራው ነው። የቆላ ሰው ሮጦ ሲወጣ ይይዘዋል። እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ አይቆይም። አሁኑኑ አውርዱት።»

«ጫፉን ብቻ አይተን…» አለ መካኒኩ።

ሽማግሌው ተቆጡ። «ልጄ፣ ተራራው ነገም አለ። ይህ ሰው ነገ ይኖር አይኖር ምን ታውቃለህ?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ጋሼም አንገታቸውን ደፉ።

ሽማግሌው የለበሱትን ወፍራም ብርድ ልብስ አውልቀው ለጋሼ ደረቡላቸው። «ሲሻለው ትመልሱልኛላችሁ» አሉ። «የት እናገኝዎታለን?» ብንላቸው፣ «ከብቶቼ እዚህ ናቸው፤ እኔም እዚሁ ነኝ» አሉ። ስማችንን አልጠየቁም። መያዣም አልጠየቁም።

ቁልቁለቱ

ጋሼን ጠንካራው ሞተር ላይ፣ ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ኋላ አስቀመጥናቸው። እንዳይወድቁ ልብስ ሰፊው ነጠላውን አውጥቶ ከነጂው ወገብ ጋር ጥፍር አድርጎ አሰራቸው። እንደታዘለ ልጅ ሆኑ።

ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወረድም። ፍሬን ያለ ማቋረጥ ከተያዘ ይሞቃል፤ ከሞቀ በኋላ አይዝም። ስለዚህ ማርሹን ዝቅ አድርገን፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘን አድርገን ወረድን። መካኒኩ ከፊት ሆኖ ድንጋዩን ያሳየናል። ልብስ ሰፊው ከኋላ ሆኖ፣ «ጋሼ! ጋሼ፣ ይሰሙኛል?» እያለ ይጣራል። መጀመሪያ መልስ አልነበረም። የጋሼ ራስ ነጂው ትከሻ ላይ ወድቋል። እንደዚያ ቀን ፈርተን አናውቅም።

አስታውን አለፍን። ኮሶው መጣ። ጽዱ ጋ ስንደርስ ልብስ ሰፊው እንደገና ተጣራ። ጋሼ ቀና አሉና፣ «እየሰማሁህ ነው፤ አትጩህብኝ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ግን እየሳቀ ያለቅስ ነበር።

በጎባ

ጎባ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ኦክስጅን ተሰጣቸው። ማታውን ምግብ ጠየቁ። እዚያ ያስረዱንን እንንገራችሁ።

በ4,000 ሜትር ከፍታ አንድ ጊዜ ስንተነፍስ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ነው። ደገኛ ሰውነቱ ለምዶታል። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው ግን ቀስ ብሎ ካልወጣ ይታመማል። መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል። ይህ ሲታይ ወደ ላይ መውጣት ማቆም ይገባል። ካስመለሰ፣ ከተንገዳገደ፣ አነጋገሩ ከተዘበራረቀ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው አደጋ ነው። ያን ጊዜ ከሁሉ የሚቀድመው መድኃኒት መውረድ ነው። ነገ አይባልም። እየወጡ ሳለም አልኮል መጠጣት፣ ከባድ ሥራም መሥራት አይገባም።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ራሴን ያመኝ የጀመረው ዲንሾ ነው። ለእናንተ ሸክም እንዳልሆን ብዬ ደበቅኋችሁ። ይሉኝታ ያዘኝ» አሉ።

እኛም አፈርን። እሳቸው አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። ራት ሲተዉ አይተናል። ከንፈራቸው ሲጠቁር አይተናል። ሲገላበጡም ሰምተናል። ሞተሩ ሲያጨስ ግን ወዲያው ወርደን አገላብጠን መርምረነዋል።

ብርድ ልብሱ

ጋሼ በዚህ ጉዞ ወደ ሳነቴ እንዳይመለሱ ተነገራቸው። ልብስ ሰፊው አብሯቸው ጎባ ቀረ። የተቀደደውን ብርድ ልብስ ዳርም ሰፋው። ከሁለት ቀን በኋላ መካኒኩና የእንስሳት ጤና ባለሙያው ብርድ ልብሱን ይዘው ወጡ። ጋሼ ለሽማግሌው ስኳርና ቡና ላኩ። ለመካኒኩም ደብተራቸውን ሰጡት። «ያያችሁትን ጻፍልኝ» አሉት። መካኒኩ መጻፍ አይወድም፤ ቢሆንም እሺ አለ።

ሽማግሌው እንዳሉት እዚያው ነበሩ። ብርድ ልብሱን ሲያዩ አስቀድመው የጠየቁት ስለ ሰውየው ነው። «ዳነ?» አሉ። «ዳኑ፣ አባቴ» ስንላቸው ፈጣሪን አመሰገኑ። የተሰፋውን ዳር በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ፈገግ አሉ።

ሻይ ስንጠጣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ውሾቹን አይቶ፣ «ተከትበዋል?» አለ። ሽማግሌው «ክትባት ውሻ ያሰንፋል ይባላል» አሉ። «አያሰንፍም» አለና ነገራቸው። ያበደ ውሻ ሰው ይነክሳል፤ ከብት ይነክሳል፤ ቀይ ቀበሮም ይነክሳል። በ1996 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ የውሻ እብደት በሽታ ገብቶ፣ በሽታው በደረሰበት አካባቢ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። ውሻ በወቅቱ ከተከተበ ግን ሰውም ከብትም ቀበሮም ይተርፋል። ሰው በተጠረጠረ ውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ እስኪታይ ከጠበቀ አይድንም።

ሽማግሌው አዳመጡ። «እኔ ስለ ተራራው ነገርኳችሁ፤ ሰማችሁኝ። እኔም ስለ ውሻው እሰማችኋለሁ» አሉ።

ከብርድ ወደ ሙቀት

ሁለቱ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ አልወጡም። ያለ ጋሼ ደስ አላላቸውም። መንገዳቸውን ቀጥለው በደቡብ በኩል ወረዱ። ቁልቁለቱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሪራ የምትባል መንደር አለፉ። ከዚያ የሐረና ደን ተቀበላቸው። በረጃጅም ዛፎች ላይ የማር ቀፎ ተሰቅሏል። ከጥላው ሥር ቡና በዱር ይበቅላል። ማታ ዶሎ መና ገቡ። ጠዋት በረዶ የነካ ሰው ማታ በሙቀት ካፖርቱን አወለቀ። ግመልም አዩ። ከሳነቴ እስከ ዶሎ መና ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የወረዱት። በማግስቱ በመጡበት ተመልሰው ጎባ ተገናኘን።

መካኒኩ በደብተሩ አንድ ገጽ ጽፏል። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። እንዲህ ይላል። «ከሳነቴ ውኃ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ይወርዳል። ወደ ገናሌ ይገባል። እስከ ሶማሊያ ይደርሳል። ሽማግሌው ደኅና ናቸው። ቱሉ ዲምቱን ከመንገድ አየነው። ቀይ ነው። አልወጣንም።»

ጋሼ በአውቶቡስ ወደ ሻሸመኔ ተመለሱ፤ እኛ በሞተር። ትምህርት ሲጀመር እንደ ልማዳቸው በሰሌዳው ላይ «ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር» ብለው ጻፉ። ያው ተማሪ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ አሁንስ አይተውታል?»

«ከሩቅ አይቼዋለሁ» አሉ። «ቅርብ ያልሄድኩበትን ምክንያት ግን ልንገራችሁ። አሞኝ ሳለ ደኅና ነኝ ብዬ ነበር።» ከዚያም ጠመኔውን አስቀምጠው ታሪኩን ከዲንሾ ጀምረው ነገሯቸው።